ሁለት ገመድ በአንድ መንገድ፤ ስለ መስመር ጥምረትና ስለ ቪላን የቀረበ ሒስ

የኮምፒዩተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ከሚያቀርቧቸው ሥራዎች መካከል አንድ የተለመደ አርእስት አለ። ይኸውም «የማይቋረጥ አገልግሎት የሚሰጥ የሰርቨሮች ክላስተር» የሚለው ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰርቨሮች ይቆማሉ፤ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ገመድ ይወጣል፤ ሁለቱ ገመዶች ተጣምረው እንደ አንድ መስመር ይቈጠራሉ፤ በዚያም መስመር ላይ ልዩ ልዩ ቪላኖች ይከፈላሉ። ከዚያ በኋላ አቅራቢው በፈታኞቹ ፊት አንዱን ገመድ ይነቅላል። አገልግሎቱ አይቋረጥም። ፈታኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሥራውም ጥሩ ውጤት ያገኛል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልተቸው የተነሣሁት ይህንን ገመድ የመንቀል ፈተና ነው። ፈተናው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሚያስፈሩን ነገሮች ሁሉ የሚፈትነው ትንሹን ነው ማለቴ ነው።

ሒስ የሚያቀርብ ሰው ከራሱ ቢጀምር ይሻላልና ከራሴ ልጀምር። እኔም ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ ሆኜ ይህንኑ ሥራ አቅርቤ ነበር። ሁለት ስዊች ነበረን፤ ከእያንዳንዱ ሰርቨር አንዱ ገመድ ወደ አንደኛው ስዊች፣ ሌላው ገመድ ወደ ሁለተኛው ስዊች ይሄዳል። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። አንዱን ገመድ ነቀልሁ፤ ሥራው ቀጠለ። አንዱን ስዊች አጠፋሁ፤ አሁንም ቀጠለ። ሦስተኛውን ግን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም። ለማየት ከመጡት ተማሪዎች አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ በእግሩ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነካው፤ ሁለቱ ስዊቾችና ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ሁሉም የተሰኩት በዚያው በአንዱ ማከፋፈያ ላይ ነበርና። ከፈታኞቹ አንዱ ሣቁና «ይህ እንኳ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የመብራት ነገር ነው» ብለው አለፉን። ውጤታችንም አልተቀነሰም። እኔ ግን መቀነስ እንደ ነበረበት እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ይህን ያህል ለምን ያስጨንቅሃል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እኔ የጌዶ ልጅ ነኝ፤ የምዕራብ ሸዋ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ዞኑ ከተማ ወደ አምቦ ሲወርድ የሚሰማውን አንድ ዐረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። «ሲስተም የለም» ይባላል። በአማርኛም ቢሆን በኦሮምኛም ቢሆን «ሲስተም» የምትለው ቃል አትለወጥም። እናቴ አንድ ወረቀት ለማውጣት ከጌዶ ተነሥታ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጥታ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ» አለቻት። ነገም አልነበረም። ሁለት ሌሊት በዘመድ ቤት አድራ በሦስተኛው ቀን ተሳካላት። የዚያ መሥሪያ ቤት ሰርቨር በሁለት ገመድ የታሰረ ይሁን በአንድ፣ ለእናቴ ምንም ልዩነት አልነበረውም። የመሣሪያ ጥናት መለኪያው በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው እንጂ በመደርደሪያው ላይ የሚበራው አረንጓዴ መብራት እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የመስመር ጥምረት ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የኤተርኔት ገመዶችን እንደ አንድ መስመር ማሠራት ነው። ዘዴው መጀመሪያ የተፈለገው በዋናው ለፍጥነት እንጂ ለጥንቃቄ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ውስጥ ርካሽ ኮምፒዩተሮችን አገጣጥመው ቤዎውልፍ የተባለውን ክላስተር በሠሩ ጊዜ፣ የኤተርኔቱ ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ስለ ነበር አልበቃቸውም። ስለዚህ በያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሁለት የኔትወርክ ካርድ አድርገው ጭነቱን ከፋፈሉት። ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ዘዴ ሲያወጡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.3ኤዲ የሚባለውን የጋራ ደንብ አጸደቀ፤ በ2008 ደግሞ ደንቡ 802.1ኤኤክስ ወደሚባለው ተዛወረ። በደንቡ መሠረት በሁለቱ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ኤልኤሲፒ በተባለው ሥርዐት ዘወትር «አለህ ወይ?» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። ጥያቄው ፈጣን ከተደረገ በየ1 ሴኮንዱ፣ ዘገምተኛ ከተደረገ በየ30 ሴኮንዱ ይላካል። ሦስት ጊዜ ድምፁ የጠፋበት ገመድ ከጥምረቱ ይወጣል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ነቀፌታዬ ይጀምራል። ገመድ በእጅ ሲነቀል ካርዱ ወዲያው ያውቃል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ጥያቄና መልስም አያስፈልግም። በእውነተኛው ዓለም ግን ገመድ የሚሞተው ሁልጊዜ በዚህ ዐይነት አይደለም። ብዙ ጊዜ የስዊቹ ቀዳዳ መብራቱ እንደ በራ ይቀርና ውስጡ መረጃ ማሳለፉን ይተዋል። አይጥ ያኘከው ገመድ አንዳንዱን ፓኬት ያሳልፋል፣ አንዳንዱን ይጥላል። እንዲህ ባለው ጊዜ ዘገምተኛውን የመረጠ ሰው እስከ 90 ሴኮንድ ድረስ ግማሹን መልእክቱን ጨለማ ውስጥ ሲወረውር ይቆያል። ይባስ ብሎ አልፎ አልፎ ብቻ ፓኬት የሚጥል ገመድ «አለህ ወይ?» ሲሉት «አለሁ» ብሎ ይመልስና ከጥምረቱ ሳይወጣ ይቀራል። ሞቶ የሞተ ገመድ ጨዋ ነው፤ የሚያስቸግረው ታሞ አልሞትም የሚለው ነው። ከተመለከትኋቸው የመመረቂያ ሥራዎች ውስጥ የታመመ ገመድ የፈተነ አንድም አላገኘሁም። ፈተናው ግን ውድ አይደለም፤ በሊኑክስ ላይ ሆን ብሎ ከመቶው ፓኬት አምስቱን የሚጥል ትእዛዝ በአንድ መስመር ይጻፋል።

ሁለተኛው ነቀፌታ ስለ ቊጥር ነው። ባለ 1 ጊጋቢት ሁለት ገመድ ያጣመረ ተማሪ «የመስመሩ ፍጥነት 2 ጊጋቢት ሆነ» ብሎ ይጽፋል። ይህ የሚሆነው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ ነው። ጥምረቱ የአንድን ንግግር ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ ሲል ሁሉንም በአንዱ ገመድ ላይ ያሳልፋል፤ የትኛው ንግግር በየትኛው ገመድ እንደሚሄድ የሚወሰነው ከአድራሻዎቹ በሚወጣ ስሌት ነው። ስለዚህ አንዱ ሰርቨር ለሌላው ሰርቨር አንድ ትልቅ ፋይል ሲያስተላልፍ ሁለተኛው ገመድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በክላስተር ውስጥ ከባዱ ጭነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል የሚደረገው ግልበጣ ነው። በሌላ በኩል ሁለቱም ገመዶች ጭነት ቢደርሳቸውና እያንዳንዳቸው እስከ ሰማንያ በመቶ ቢሞሉ፣ አንዱ ሲሞት የተረፈው አንድ መቶ ስድሳ በመቶ ተሸከም ይባላል። ይህን የማይችል ገመድ መጠባበቂያ ሊባል አይገባውም። ፍጥነትና ጥንቃቄ ከአንድ ኪስ የሚወጡ ናቸው፤ ለአንዱ የከፈልኸውን ለሌላው ደግመህ ልትከፍል አትችልም።

ሦስተኛው ስለ ስዊቹ ነው። ደንቡ እንደ ተጻፈው ጥምረት በሁለት መሣሪያዎች መካከል የሚደረግ ውል ነው፤ በአንድ ወገን ሰርቨሩ፣ በሌላው ወገን አንድ ስዊች። ሁለቱን ገመድ ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች ወስዶ በኤልኤሲፒ ማጣመር የሚቻለው ስዊቾቹ ራሳቸው ተማክረው እንደ አንድ የሚታዩበት ልዩ ችሎታ ሲኖራቸው ነው። ይህም በውድ ስዊቾች ላይ እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ በምናያቸው ርካሽ ስዊቾች ላይ አይገኝም። ስለዚህ ጥምረትን የወደደ ድኻ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ገመድ ወደ አንዱ ስዊች ይሰካል። ገመድ ሁለት ሆነ፤ ስዊች ግን አንድ ቀረ። ከገመድና ከስዊች ቶሎ የሚሞተው የትኛው ነው? ማራገቢያውና የኤሌክትሪክ ክፍሉ አቧራ የጠገበው ስዊች ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ያ የተናቀው «አንዱ ይሥራ ሌላው ይጠብቅ» የሚባለው ዘዴ በሁለት ተራ ስዊቾች ላይ ይበልጣል፤ ፍጥነት አይጨምርም፣ ግን እውነተኛውን በሽታ ያክማል። በእኔ አስተያየት የመመረቂያ ጽሑፎች ይህንን ዘዴ «ያረጀ» ብለው የሚያልፉት ምክንያቱን መርምረው ሳይሆን ስሙ ስለማያምር ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በእነዚህ ሥራዎች መቅድም ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ጉልበት ነው። ያበረው ድር አንበሳውን ይይዛል፤ እሳት ሲመጣበት ግን ድሩ ሁሉ አብሮ ይነዳል። ሁለት ጀሪካን ውሃ በአንድ አህያ ላይ የሚጭን የገጠር ልጅ ሁለት ጀሪካን አለኝ ብሎ አይዘናጋም፤ አህያይቱ ከወደቀች ሁለቱም እንደሚፈሱ ያውቃል።

ወደ ቪላን እንለፍ። ቪላን ማለት በአንድ ስዊች ላይ የተሰኩትን መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይሰማሙ በስም መክፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው በ802.1ኪው ደንብ መሠረት በየፓኬቱ ላይ 4 ባይት የሚያህል ምልክት ይለጠፋል፤ ከዚያም ውስጥ 12 ቢቱ የቪላኑን ቊጥር ይይዛል። 12 ቢት 4096 ቊጥሮችን ይሰጣል፤ ከእነሱም ሁለቱ ስለማይፈቀዱ 4094 ይቀራሉ። ዘዴው እጅግ ጠቃሚ ነው። የሬጅስትራር ቢሮ፣ የተማሪዎች ቤተ ሙከራና የፋይናንስ ክፍል ሦስት የተለያየ ስዊች ሳይገዙ በአንዱ ላይ ተለያይተው ይኖራሉ፤ የአንዱ ጫጫታ ለሌላው አይሰማም። ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም፤ እኔም አልነቅፍም።

የምነቅፈው ቪላን መለየት ከሚችለው በላይ እንዲለይ መጠበቁን ነው። ቪላን ንግግርን ይለያል፣ ዕጣን ግን አይለይም። በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ተማሪ ሳያውቅ የአንድን ገመድ ሁለት ጫፍ በአንድ ስዊች ላይ ሰክቶ ፓኬቱ ሳያቋርጥ እንዲዞር ቢያደርግ፣ የሚዞረው ፓኬት በቤተ ሙከራው ቪላን ውስጥ ነው፤ የሚሞላው ግን ሁሉም ቪላኖች አብረው የሚያልፉበት የጋራ ገመድ ነው፤ የሚደክመውም ሁሉንም የሚያስተናግደው የስዊቹ አንጎል ነው። ሬጅስትራሩ በሥዕሉ ላይ በሌላ ቀለም ስለ ተቀባ አይድንም። በሥዕል ላይ ቪላኖች እንደ ግድግዳ ይሣላሉ፤ በእውነቱ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የተሠመሩ መሥመሮች ናቸው።

ከሁሉ የከፋውን ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ፤ ይኸውም የልብ ትርታው ጉዳይ ነው። በክላስተር ውስጥ ሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ የሌላውን መኖር የሚያውቁት በየጊዜው በሚላላኩት አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ ሲጠፋ ተጠባባቂው «ባልንጀራዬ ሞቷል» ብሎ ሥራውን ይረከባል። የመማሪያ መጻሕፍት ይህ መልእክት የራሱ መስመር ይኑረው ይላሉ። ተማሪው ምን ያደርጋል? «የራሱ ቪላን ሰጥቼዋለሁ» ይላል፤ ቊጥሩንም 30 ወይም 40 ይለዋል። ቪላኑ ግን የሚያልፈው በዚያው በተጣመረው መስመር፣ በዚያው ስዊች ላይ ነው። ስዊቹ ለሁለት ደቂቃ ቢቃዥ ሁለቱም ሰርቨሮች በሕይወት ሳሉ እያንዳንዱ ሌላውን ሞተ ይለዋል። ሁለቱም «አለቃው እኔ ነኝ» ብለው ይነሣሉ፤ የጋራ የመረጃ ማከማቻ ቢኖራቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጽፉበታል፤ የየራሳቸው ቅጂ ቢኖራቸው ቅጂዎቹ ይለያያሉ። የአንድ ተማሪ ውጤት በአንዱ ሰርቨር ላይ ተመዝግቦ በሌላው ላይ ባዶ ይሆናል። ስዊቹ ሲመለስ እውነተኛው የትኛው ነው? ማንም አያውቅም። ከዚህ ይልቅ አገልግሎቱ ጨርሶ ተቋርጦ ቢሆን ይሻል ነበር።

የዚህ መድኃኒት ቀድሞውንም የታወቀ ነው፤ ስሙም በአገራችን ስብሰባ ሁሉ የሚሰማው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ወገን ሥራ አይሠራም። ሁለት ሰዎች ሲለያዩ ግን ማንም ከግማሽ በላይ ሊያገኝ አይችልም፤ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ታላቅ ሰርቨር መሆን የለበትም፤ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ድምፅ ለመስጠት ይበቃል፤ የሚቀመጠው ግን በሌላ ክፍል፣ የሚሰካውም በሌላ ስዊችና በሌላ የመብራት መስመር ነው። ከዚህ ጋራ ጥርጣሬ የገባው ወገን ሌላውን ሥልጣን ከመረከቡ በፊት በርግጥ ማጥፋቱን የሚያረጋግጥበት ዘዴ አለ። ይህ ዘዴ ጨካኝ ስለሚመስል ተማሪዎች ይፈሩታል፤ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ «አይሠራ» ብለው ይዘጉታል። ከዘጉት በኋላ ግን ክላስተር ሳይሆን ሁለት የማይተማመኑ ኮምፒዩተሮች ነው የሠሩት። አገልግሎት መቀጠሉ ብቻ በቂ እንዳልሆነ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መላው አገር አይቷል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በጥገናና በፍተሻ ምክንያት ሲሳሳት አልወደቀም፤ ይልቁንም ለሰዓታት ገንዘብ እየሰጠ ቀጠለ፤ ደንበኞችም ከሌላቸው ሒሳብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አንቀሳቀሱ። ያ የኔትወርክ ጥፋት አልነበረም። ነገር ግን «አልተቋረጠም» የሚለው ቃል ብቻውን ምስጋና እንዳልሆነ ያስረዳል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት፤ ስሌት ከስሜት ይሻላልና። አንድ መስመር ከመቶው ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን ይሠራል እንበል። ይህ ማለት በዓመት ሦስት ቀን ተኩል ያህል ይቋረጣል ማለት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች ፈጽሞ ካልተገናኙ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉት ከአሥር ሺህ አንዱን ጊዜ ነው፤ በዓመት 53 ደቂቃ ያህል። ተማሪዎች በጽሑፋቸው ላይ የሚያወጡት ቊጥር ይህ ነው፤ ዐይን ይማርካል። ነገር ግን የእያንዳንዱ መስመር ጥፋት ግማሹ ከጋራ ምክንያት የመጣ ነው እንበል፤ ከአንድ ማከፋፈያ፣ ከአንድ ስዊች ወይም ከአንድ ቦይ። ያን ጊዜ የጋራው ግማሽ በመቶ በማጣመር አይቀነስም፤ እንዳለ ይቀመጣል። በዓመት ከ43 ሰዓት በላይ ነው። 53 ደቂቃ ብሎ የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ «ካልተገናኙ» የምትለዋን ቃል ረስቶ ነው። እናቴ በዘመድ ቤት ያደረችው በዚያች በተረሳችው ቃል ውስጥ ነው።

ከመደርደሪያው ወጥተን አገሩን ስንመለከት ይኸው ነገር በትልቁ ተሥሎ እናገኘዋለን። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እንደ መቍጠሪያ በአንድ ክር ላይ የተሰኩ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን እያለ ይወርዳል። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ሁለት የፋይበር ገመድ ቢያዘረጋና ሁለቱም በዚሁ መንገድ ዳር ቢቀበሩ፣ ጊንጪ ላይ መንገድ የሚያሰፋ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ንክሻ ያነሣቸዋል። ፋይበር በመንገድና በግንባታ ሥራ መቆረጡ በአገራችን የተለመደ ዜና ነው። በዚያን ጊዜ በአምቦ መደርደሪያ ላይ የተጣመሩት ሁለት አጫጭር ገመዶች ምንም አይሠሩም። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ አንድ የሆነውን ነገር፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር በማጣመር ሁለት ልናደርገው አንችልም። መስመሩ በእውነት ሁለት የሚሆነው አንዱ በዚህ መንገድ ቢሄድ ሌላው በወሊሶ በኩል ዞሮ ሲገባ፣ ወይም በአየር ሲተላለፍ ነው።

ገመድ ሳይቆረጥ የሚቆረጥም መስመር አለ። በ2012 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ፣ የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከተገደለ በኋላ፣ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያም አስቀድሞ በዚያው ዓመት በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የፖለቲካውን ነገር ለሚመለከታቸው ትቼ የመሐንዲሱን ጥያቄ ብቻ ላንሣ። እንዲህ ባለው ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ ካለ፣ የግቢው ሰው ውጤቱንም መጽሐፉንም ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ ቢኖርም የስሙ መዝገብ፣ ማለትም ስሙን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት፣ ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠው ክፍል በውጭ አገር ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሰርቨሩ በክፍሉ ውስጥ በደኅና እየሠራ ማንም ሊገባበት አይችልም። ገመድ የመንቀል ፈተና ይህን ከቶ አያሳይም፤ የሚያሳየው የውጭውን መስመር ለአንድ ቀን ዘግቶ ማየት ነው።

«አሁንማ ሁለት ኩባንያ አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ጀምሮ፣ ስሙ እየተለወጠ ኢትዮ ቴሌኮም እስከሚባለው ድረስ፣ የአገሪቱ ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ሲጀምር ሁለት ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሁለት ውል መፈረም ሁለት መንገድ መያዝ አይደለም። አዲሱ ኩባንያ ከነባሩ ድርጅት መሠረተ ልማት በኪራይ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ሁለት ደረሰኝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት በአንድ ማማና በአንድ ፋይበር ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። መጠየቅ ያለበት «ስንት ኩባንያ አለን?» ሳይሆን «የሁለቱ መስመር የት ላይ ይገናኛል?» ነው። ይህን ጥያቄ በጨረታ ሰነድ ላይ መጻፍ የአንድ መስመር ቀለም ብቻ ይፈልጋል።

ጥያቄው ለእኛ ለተማሪዎች ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ፈተናውም የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከባኮ ወይም ከጊንጪ የመጣ ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሙን ይዞ በአንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ያን ቀን «ሲስተም የለም» ማለት ለነገ ይምጡ ማለት አይደለም፤ የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዓቱ ይባክናል፣ የመለሰው መልስ ተመዝግቦ እንደሆነና እንዳልሆነ አያውቅም። መሣሪያውን የሚሠራው ደግሞ ነገ ከእኛ አንዱ ነው፤ ዛሬ በፈታኞች ፊት ገመድ ነቅሎ ያለፈው።

በዚህ ሒስ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ «ተማሪ ገንዘብ የለውም፤ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ጄኔሬተር፣ ሁለት ፋይበር ከየት ያመጣል?» የሚለው ነው። ትክክል ነው፣ አያመጣም። እኔም ሁሉን እጥፍ ያድርግ አላልሁም። የምጠይቀው ምን ምን አብሮ እንደሚሞት በአንድ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ነው፤ ማከፋፈያው ሲጠፋ እነማን ይጠፋሉ፣ ይህ ስዊች ሲቃዥ እነማን ይቃዣሉ፣ ይህ ቦይ ሲቆፈር እነማን ይቋረጣሉ። ፈታኞችም ከተነቀለው ገመድ ይልቅ ይህን ገጽ ቢጠይቁ፣ ከዚያም ከዝርዝሩ አንዱን ራሳቸው መርጠው ቢያጠፉት፣ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። አቅራቢው የሚነቀለውን ነገር ራሱ ከመረጠ ያ ፈተና ሳይሆን ትርኢት ነው።

እኔና ጓደኛዬ ከፈተናው በኋላ ሥራውን በራሳችን ጊዜ ደግመን ሠራነው። አንዱን ሰርቨርና አንዱን ስዊች በኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ክፍል ወስደን በአሮጌ ዩፒኤስ ላይ ሰካናቸው፤ ዳር ላይ የተጣለ አንድ ኮምፒዩተር ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ አደረግነው፤ ለእርሱም የራሱን ባትሪ ፈለግንለት። የልብ ትርታውን ከቪላኑ አውጥተን በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ብቻውን በሚሄድ ረጅም ገመድ ላይ አደረግነው፤ ገመዱን በበሩ ሥር ስናሳልፍ የጽዳት ሠራተኛዋ ተቈጥተውናል። ከዚያም የሕንፃውን ዋና ማብሪያ አጠፋነው። በማከፋፈያው ላይ የቀረው ሰርቨር ወዲያው ሞተ፤ ማዶ ያለው ሦስተኛውን ጠይቆ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሥራውን ተረከበ፤ የዩፒኤሱ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስም 11 ደቂቃ ቆየ። በመመረቂያ ጽሑፋችን ውስጥ መግባት የነበረበት ቊጥር ይህ 11 ነበር። ጽሑፉ ግን ቀደም ብሎ ተጠርዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል፤ በሽፋኑ ላይም «የማይቋረጥ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።